«ሆርሞኔ ተዛብቷል» ስንል የትኛው ሆርሞን? የታይሮይድ ምልክቶችን እንዴት እንለያለን?

ቲክቶክ ላይ ትንሽ ከቆያችሁ «ሆርሞን ማስተካከያ» የሚል ዱቄት፣ ሻይ ወይም ጠብታ የሚሸጥ ሰው አታጡም። ፀጉርሽ ይረግፋል? ሆርሞን ነው። ወፍረሻል? ሆርሞን ነው። እንቅልፍ አልወስድ ብሎሻል? እሱም ሆርሞን ነው። የትኛው ሆርሞን እንደሆነ ግን የሚናገር የለም።

ሰውነታችን ውስጥ ከ50 በላይ ሆርሞኖች አሉ። እያንዳንዱ የራሱ ሥራ አለው። ሲዛባ የሚያሳየው ምልክትም፣ የሚታወቅበት ምርመራም ይለያያል። ሁሉንም የሚያስተካክል አንድ ሻይ ሊኖር አይችልም። ሐኪም ዘንድ «ሆርሞን ተዛብቷል» የሚል ብቻውን የቆመ በሽታ የለም። ሁልጊዜ የሚከተል ጥያቄ አለ፦ የትኛው? በዛ ወይስ አነሰ? ለምን?

እዚህ የምናየው አንዱን ነው፤ ታይሮይድን። የተመረጠው በምክንያት ነው። በጣም የተለመደ ነው፤ በተለይ በሴቶች ላይ። ለእኛ አገር ደግሞ እንግዳ አይደለም፤ እንቅርትን የማያውቅ የደገኛ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ከሁሉም በላይ ግን ችግሩ በአንድ የደም ምርመራ ይታወቃል፣ ሕክምናም አለው። እንዲህ ሆኖ እያለ ብዙ ሰዎች «ድካም ነው»፣ «ጭንቀት ነው»፣ «ዕድሜ ነው» እየተባሉ ዓመታት ያሳልፋሉ። ይሄ መሆን የለበትም።

ታይሮይድ ምንድን ነው? ምንስ ይሠራል?

ሆርሞን ማለት አንዱ የሰውነት ክፍል ለሌላው በደም በኩል የሚልከው መልእክት ነው። መልእክቱን የሚያመነጩት ክፍሎች ዕጢ ይባላሉ። ታይሮይድ አንዷ ናት። አንገታችን ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብላ ትገኛለች። ግራና ቀኝ ሁለት ክፍል አላት፤ ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ነው። የምታመነጨው ሆርሞን ሰውነታችን ምን ያህል በፍጥነት እንደሚሠራ ይወስናል። የልብ ምት፣ የሰውነት ሙቀት፣ የአንጀት እንቅስቃሴ፣ የወር አበባ፣ ስሜት፣ ቆዳ፣ ፀጉር፣ ሁሉም ከሷ ሥራ ጋር ይገናኛሉ። ምልክቶቹ ከላይ እስከ ታች የሚበታተኑትም ለዚህ ነው።

ግን ብቻዋን አትሠራም። ከአንጎላችን ሥር ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ ዕጢ አለች። እንጀራ ሲጋገር አስቡ። አንዷ ምጣዱ ላይ ሆና ትጋግራለች፤ ሌላዋ ከሥር እሳቱን ትቆሰቁሳለች። ምጣዱ ሲቀዘቅዝ ጋጋሪዋ «ኧረ እንጨት ጨምሪ!» ትላለች። ሲግልባት «ቀንሺው» ትላለች። ጋጋሪዋ ፒቱታሪ ናት። እሳት የምትቆሰቁሰው ታይሮይድ ናት። «ጨምሪ» የሚለው ድምፅ ደግሞ ቲኤስኤች የሚባለው ሆርሞን ነው። ታይሮይድ ስትደክም ጩኸቱ ይበረታል፤ ማለትም ቲኤስኤች ከፍ ይላል። ታይሮይድ ከልክ በላይ ስትሠራ ፒቱታሪ ዝም ትላለች፤ ቲኤስኤች ይወርዳል። ብዙ ሰው የላቦራቶሪ ወረቀቱን አይቶ «ቲኤስኤች ከፍ ብሏል፣ ስለዚህ ታይሮይዴ በዝቷል» ብሎ ይደነግጣል። ነገሩ ተቃራኒው ነው።

ሆርሞኑ ሲያንስ ምን ይሰማናል?

ሁሉም ነገር ይዘገያል። በቂ እንቅልፍ ተኝተው ይነሳሉ፤ ድካሙ ግን አይለቅም። ሌላው ጃኬቱን ሲያወልቅ ታማሚዋ ጋቢ ትደርባለች። ሆድ ይደርቃል። ቆዳ ይሻክራል፣ ፀጉር ይሳሳል፣ የቅንድብ የዳር ጫፍ ሊረግፍ ይችላል። ጠዋት ፊት፣ በተለይ ዓይን ዙሪያ፣ ያብጣል። ድምፅ ይጎረንናል። የልብ ምት ይቀንሳል። የመርሳት ነገር ይመጣል፤ ያወቁት ስም ምላስ ጫፍ ላይ ይቀራል። ስሜት ይጨልማል። ስለዚህ ነው አንዳንዱ ታካሚ ታይሮይዱ ሳይታይ በድባቴ መድኃኒት ብቻ የሚከርመው።

ስለ ክብደት አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። የታይሮይድ ማነስ ክብደት ይጨምራል፤ ግን ብዙውን ጊዜ ጥቂት ኪሎ ነው፤ ከሱም አብዛኛው ውሃና ጨው ነው። 20 ኪሎ የጨመረ ሰው ጥፋቱን ሁሉ ታይሮይድ ላይ ቢጥል ትክክለኛው ምክንያት ሳይታይ ይቀራል።

ሴቶች ላይ የወር አበባ ሊበዛና ሊረዝም ይችላል። ደም በብዛት ሲፈስ የደም ማነስ ይከተላል፤ ድካሙ በድካም ላይ ይደራረባል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የተባለው ቃል በቃል የሚሠራበት ቦታ ነው። እርግዝና አልይዝ ማለት ወይም ፅንስ በተደጋጋሚ መጨንገፍም ከዚሁ ሊመጣ ይችላል።

ሲበዛስ?

እዚህ ሁሉም ይቸኩላል። ሰውየው ከወትሮው የበለጠ ይበላል፤ ግን ይከሳል። ቁጭ ብሎ እንኳ ልቡ ይመታል፤ በደቂቃ ከ100 በላይ ሊደርስ ይችላል። ያልበዋል፣ ሙቀት አይችልም፣ ቶሎ ቶሎ ሰገራ ይወጣል፣ እንቅልፍ ያጣል። ቁጡ ይሆናል፤ ራሱም በራሱ ይገረማል። ጭኑና ክንዱ ስለሚዝል ደረጃ መውጣት ይከብደዋል። የወር አበባ ያንሳል ወይም ይቀራል።

የእጅ መንቀጥቀጡ አንዳንዴ በዓይን አይታይም። ሐኪሞች የሚጠቀሙባት ቀላል ዘዴ አለች። ሁለት እጃችሁን ፊት ለፊት ዘርጉ፤ ጣቶቻችሁን ክፈቱ፤ መዳፋችሁ ወደ ታች ይሁን። ሌላ ሰው አንድ ቀጭን ወረቀት ጣቶቻችሁ ላይ ያስቀምጥ። የወረቀቱ ጫፍ ቶሎ ቶሎ ከተርገበገበ መንቀጥቀጥ አለ ማለት ነው። ቡና በዛ ብሎም፣ ተፈርቶም ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ይሄ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከመክሳትና ከልብ ምት ጋር ሲመጣ ግን ትርጉም አለው።

ዋናው መንስኤ ግሬቭስ የሚባለው በሽታ ነው። ስሙ የመጣው በ1835 እ.ኤ.አ. ከገለጸው የአየርላንድ ሐኪም ነው። የሰውነት መከላከያ ኃይል ታይሮይድን ያለማቋረጥ ይቀሰቅሳታል። አንዳንዶች ላይ ዓይን ወደ ፊት ይወጣል፣ ይቀላል፣ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል። ሲጋራ ይህንን በእጅጉ ያባብሰዋል።

በድንገት የከሳ፣ የሚቆጣ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ዓይኑ የፈጠጠ ሰው በአካባቢያችን ምን እንደሚባል እናውቃለን። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ ጸሎቱም አይቅር። የደም ምርመራውም አብሮ ይደረግ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ምልክቱ ድምፁን ያጠፋል። መንቀጥቀጡም ላቡም ላይኖር ይችላል። መክሳት፣ መድከምና የተዛባ የልብ ምት ብቻ ይታያል። እናታችሁ «እርጅና ነው» ካሉ ወዲያው አትስማሙ።

አንገት ላይ እብጠት ከሌለ ታይሮይድ ደህና ነው ማለት ነው?

አይደለም። እንቅርት ማለት የታይሮይድ ማበጥ ነው፤ ስለ ሆርሞኑ መጠን ብቻውን አይናገርም። ትልቅ እንቅርት ኖሮ ሆርሞኑ ልክ ሊሆን ይችላል። አንገት ለስላሳ ሆኖ ሆርሞኑ በጣም የተዛባ ሰውም አለ።

ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። አንድ ብርጭቆ ውሃ ያዙና መስታወት ፊት ቁሙ። አገጫችሁን ትንሽ ወደ ላይ ቀና አድርጉ። ከማንቁርት በታች፣ ከአጥንቱ በላይ ያለውን ቦታ እያያችሁ ውሃውን ጎንጨት በሉና ዋጡ። ስትውጡ አብሮ ወደ ላይ የሚወጣ እብጠት ወይም አንድ ጎን ብቻ ጎላ ያለ ነገር ካያችሁ ለሐኪም አሳዩ። ማንቁርቱ ራሱም ስለሚንቀሳቀስ ሁለቱን አታምታቱ። ታይሮይድ ላይ ከሚገኙ እብጠቶች ከ10ሩ ዘጠኙ ወይም ከዚያ በላይ ካንሰር አይደሉም። ጠንካራ የሆነ፣ በፍጥነት የሚያድግ፣ ድምፅ የሚዘጋ ወይም መዋጥ የሚከለክል እብጠት ግን ቀጠሮ አይጠብቅም።

እኛ አገር ለምን እንቅርት በዛ?

ታይሮይድ ሆርሞኗን የምትሠራው ከአዮዲን ነው። ያለ አዮዲን ምንም ማድረግ አትችልም። ሲያጥራት ያለችውን ለቅማ ለመያዝ ትተልቃለች፤ እንቅርት ይሆናል። የሚያስፈልገው መጠን በጣም ትንሽ ነው፤ ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት 250። አንድ አዋቂ ለ70 ዓመት የሚወስደው ተደምሮ 4 ግራም አይሞላም። ግን በየቀኑ መምጣት አለበት።

የደጋው አፈር ለዘመናት በዝናብ ስለታጠበ አዮዲኑ ሄዷል። አፈሩ ውስጥ ከሌለ እህሉም ውስጥ፣ የከብቱ ወተትም ውስጥ አይኖርም። አዮዲን የሚበዛበት የባሕር ዓሣ ደግሞ ከደጋው ሰው ማዕድ ሩቅ ነው። በሰሜኑ ክፍል አንገታቸውን የተነቀሱ እናቶችን አይተን ይሆናል። ንቅሳቱ ለውበት ብቻ አልነበረም፤ እንቅርትን ይከላከላል ተብሎም ይነቀስ ነበር። ችግሩ ምን ያህል ቤት ለቤት የገባ እንደነበር ከዚህ ይታያል።

መፍትሔው ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ነው። ቀድሞ ወደ አገራችን ይገባ የነበረው የአሰብ ጨው አዮዲን ነበረው። በ1998 እ.ኤ.አ. ከተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በኋላ ያ መንገድ ተዘጋ። ገበያው ወደ አፋር፣ በተለይ ወደ አፍዴራ ጨው ዞረ፤ ያ ጨው ደግሞ አዮዲን አልተጨመረበትም ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ የተደረገ አገር አቀፍ ጥናት 35.8 በመቶዎቹ እንቅርት እንዳለባቸው አገኘ። ከሦስት ሴቶች ከአንዷ በላይ ማለት ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 በመቶው ቤተሰብ ብቻ ነበር። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 89 በመቶ ደረሰ። ትልቅ እመርታ ነው። ጨዉ ውስጥ አዮዲን አለ ማለት ግን መጠኑ በቂ ነው ማለት አይደለም።

ቤታችን ከገባ በኋላም አዮዲኑ ይጠፋል። ፀሐይ፣ እርጥበትና ሙቀት ያባርሩታል። ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃው ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ፤ ወጡ ላይ ደግሞ ሊወጣ ሲል መጨመር ይረዳል። አዮዲን ፍለጋ ጨው ማብዛት ግን ስህተት ነው፤ ትርፉ ደም ግፊት ነው።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ተጠንቀቁ። የሚያምረው ሮዝ የሂማሊያ ጨውና ብዙው የባሕር ጨው አዮዲን አይጨመርበትም። ማሸጊያውን አንብቡ። በተቃራኒው ከባሕር አረም የተሠሩ የአዮዲን እንክብሎች ከልክ በላይ አዮዲን ይሰጣሉ፤ ያም ታይሮይድን ያዛባል።

ጎመንስ? ጥሬ ጎመን በጣም ከበዛና አዮዲን ካነሰ ታይሮይድን ሊያውክ ይችላል። ተቀቅሎ ሲበላ፣ አዮዲን ያለው ጨውም ካለ፣ የሚያሳስብ ነገር የለም። ጎመናችሁን ብሉ።

ሴቶች ላይ ለምን ይበዛል? በእርግዝናና በአራስነት ጊዜስ?

የታይሮይድ ችግር ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ከ5 እስከ 8 እጥፍ ይበዛል። አዮዲን በበቂ በሚገኝበት ቦታ ዋናው የማነስ መንስኤ ሀሺሞቶ የሚባለው ነው፤ የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን ታይሮይድ ቀስ እያለ ይጎዳል። ይህ ዓይነቱ በሽታ በአጠቃላይ ሴቶች ላይ ይበዛል፤ በቤተሰብም ይሄዳል። እናትሽ ወይም እህትሽ ካለባት ለሐኪም ንገሪ።

ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የራሱ የታይሮይድ ሆርሞን የለውም። ከእናቱ ነው የሚያገኘው፤ አንጎሉም የሚያድገው በሱ ነው። ስለዚህ የታይሮይድ ማነስ መድኃኒት የምትወስድ ሴት እንዳረገዘች ባወቀችበት ሳምንት ሐኪሟን ማግኘት አለባት፤ መጠኑ ብዙ ጊዜ መጨመር ያስፈልገዋል። «ለልጁ ይጎዳል» ብሎ ማቆም ነው ልጁን የሚጎዳው።

ከወሊድ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ደግሞ አንዳንድ እናቶች ታይሮይዳቸው ይቆጣል። መጀመሪያ ለጥቂት ሳምንታት ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ይከሳሉ። ከዚያ ይገለበጥና ድካም፣ ብርድ፣ ለቅሶ ይመጣል። ሕፃን ያላት እናት መድከሟ ስለሚጠበቅ ማንም አይጠረጥርም። ከወለደች ወራት አልፈው አሁንም መነሳት ያቃታት እናት ካለች ምርመራውን አስታውሷት።

ሳይሠራ የተፈጠረ ታይሮይድ ያላቸው ሕፃናትም አሉ። በአሜሪካ፣ በእስራኤልና በብዙ የአውሮፓ አገሮች ሕፃኑ እንደተወለደ ከተረከዙ ደም ተወስዶ ይመረመራል፤ ውጤት ላይ ከተጠራችሁ ቶሎ ሂዱ። ምርመራው በማይደረግበት ቦታ ምልክቶቹን ማወቅ ይጠቅማል፦ ሳምንታት የሚቆይ የቆዳ ቢጫነት፣ ጡት ለመጥባት መሰልቸት፣ የሆድ ድርቀት፣ የጎረነነ ለቅሶ፣ ትልቅ ምላስ፣ የተዝለፈለፈ ሰውነት። «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ አያለቅስም» የሚባልለት ሕፃን አንዳንዴ ታማሚ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሕክምና ከተጀመረ አእምሮው ይድናል።

ምን ዓይነት ምርመራ ልጠይቅ?

ቲኤስኤች ብሎ መጀመር ይበቃል። ልክ ካልሆነ ፍሪ ቲ4፣ ማለትም ታይሮይድ ራሷ የምታመነጨው ሆርሞን፣ ተጨምሮ ይታያል። እንደ ላቦራቶሪው ቢለያይም፣ የቲኤስኤች ልክ ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ነው። ወረቀቱ ላይ ቲኤስኤች 14፣ ፍሪ ቲ4 ደግሞ ከልኩ በታች ከተጻፈ ማነሱ ግልጽ ነው። ቲኤስኤች 6 ሆኖ ፍሪ ቲ4 ልክ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ ይደገማል፤ ሁሉም ሰው ወዲያው መድኃኒት አይጀምርም። የአንገት አልትራሳውንድ የሚያስፈልገው እብጠት ሲኖር ነው።

ለፀጉርና ለጥፍር ተብለው የሚሸጡ ቫይታሚኖች ባዮቲን የሚባል ነገር በብዛት አላቸው። ባዮቲን ውጤቱን ያሳስታል፤ ጤነኛውን በሽተኛ ሊያስመስል ይችላል። ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድማችሁ አቁሙ፤ ለሐኪሙም ንገሩ።

መድኃኒቱን ከቡና ጋር መውሰድ ይቻላል?

አይቻልም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ለማነስ የሚሰጠው ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ይዋጣል። ከዚያ ቁርስም ቡናም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያል። ቡናው አብሮ ከገባ መድኃኒቱ በቅጡ አይመጠጥም፤ ሰውየው በየቀኑ እየዋጠ ቲኤስኤቹ አይወርድም። የአይረንና የካልሲየም እንክብል ደግሞ አራት ሰዓት መራቅ አለበት። ብዙ ሴቶች የደም ማነስ መድኃኒታቸውን አብረው ስለሚውጡ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ጾም ላይስ? ረመዳን ላይ ከመኝታ በፊት፣ ከመጨረሻው ምግብ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ መውሰድ አንዱ አማራጭ ነው። ለኦርቶዶክስ ጿሚም የማታው ሰዓት ይሆናል፤ ወይም ጠዋት በውሃ ለመውሰድ ከንስሐ አባት ጋር መመካከር ነው። ዋናው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መሆኑ ነው። መጠኑ ከተቀየረ በኋላ ቲኤስኤች የሚታየው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው። ስለተሻለን ማቆም የለም፤ የተሻለን በመድኃኒቱ ነው። ለመክሳት ብሎ የሰው መድኃኒት መውሰድ ደግሞ ልብን ይጎዳል።

ለመብዛት ፒቲዩ ወይም ሜቲማዞል የሚወስዱ ሰዎች አንድ ነገር አይርሱ። ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣ መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን የደም ምርመራ ማድረግ። አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን ያጠፋሉ።

ታይሮይዴ ደህና ከሆነስ?

ፍለጋው ወደ ሌላ ይሄዳል። የውሃ ጥምና ቶሎ ቶሎ መሽናት ከሆነ ስኳር ነው የሚታየው። የወር አበባ ከተዘበራረቀና አገጭ ላይ ፀጉር፣ ፊት ላይ ብጉር ከበዛ የእንቁላል እጢ ሆርሞኖች ይመረመራሉ። ሳታጠባ ጡቷ ወተት የሚያወጣ ሴት ፕሮላክቲን የሚባለው የወተት ሆርሞን ምርመራ ያስፈልጋታል። በ45 እና በ55 ዓመት መካከል የሚመጣ ሙቀትና ላብ ብዙ ጊዜ የወር አበባ መቋረጫ ጊዜ ነው። ፊቱ የከበበ፣ ሆዱ የወፈረ፣ እጅና እግሩ የቀጠነ ሰው ደግሞ ምን እንደወሰደ ይጠየቅ፤ ለመወፈር ዴክሳሜታዞን የሚወስዱ፣ ለማቅላት የስቴሮይድ ክሬም የሚቀቡ ሰዎች አሉ። እነዚህ በራስ ፈቃድ በድንገት አይቆሙም።

መቼ ነው የማይጠበቀው?

አንድ ምልክት ለሁለት ቀን ቢመጣ ሰውነት ነው። ሁለት ሦስቱ ተደርበው ከጥቂት ሳምንታት በላይ ከቆዩ መመርመር ነው። ልብ እየመታ ደረት ካመመ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ የታይሮይድ መብዛት ያለበት ሰው ከፍተኛ ትኩሳት ይዞት ከተቀባዠረ፣ ወይም ማነስ ያለበት ሰው ሰውነቱ ቀዝቅዞ መንቃት ካቃተው ሳይውል ሳያድር ድንገተኛ ክፍል።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ «ሆርሞኔን እዩልኝ» ብቻ አትበሉ። ምልክቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጻፉ። ሦስት ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ የልብ ምታችሁን ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩና መዝግቡ። የመጨረሻው የወር አበባ ቀን፣ በቤተሰብ ውስጥ እንቅርት ያለበት ሰው፣ ክብደታችሁ ስንት ነበር ስንት ሆነ። ከፋርማሲም ሆነ ከቲክቶክ የገዛችሁትን እንክብልና ዱቄትም ከነዕቃው ይዛችሁ ሂዱ።